ፎቶግራፉና ሳህኑ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዱሮ የምግብ ቤት ማስታወቂያው ሽታው ነበር። የሚጠበሰው ሥጋ፣ የሚቆላው ቡና፣ በዘይት ውስጥ የሚንጫጫው ሳምቡሳ መንገደኛውን ከመንገድ ጠርቶ ያስገባዋል። የቀረውን የጎረቤት አፍ ይሞላዋል፤ «እነ እገሌ ቤት ብሉ፣ ንጹሕ ነው፣ ሐላል ነው» ይባላል። ዛሬ ግን እንግዳው ሽታውን ከማሽተቱ በፊት ፎቶውን ያያል። ቤቱ ተቀምጦ በእጅ ስልኩ ምግቡን ይመርጣል፣ ያዝዛል፣ ገንዘቡንም ይከፍላል። ከጂዳ ወይም ከዋሽንግተን ለዘመድ ጥየቃ የሚመጣ ቤተሰብ የሆቴል ክፍሉን የሚይዘው ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር፣ አልጋውንና መታጠቢያ ቤቱን በፎቶግራፍ አይቶ ነው። እንግዲህ የምግብ ቤትና የሆቴል ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሻጭ ቃል ሆኗል ማለት ነው። ቃል ደግሞ በእኛ ዘንድ አማና ነው።

የዚህን ወር አምዳችንን ለዚህ ጉዳይ የሰጠነው አንድ ቤተሰብ ስላቀረበልን ጥያቄ ነው። ቤተሰቡ አንድ ምግብ ቤትና ከላዩ ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች አሉት። ባለሙያ ፎቶ አንሺ ተቀጥሮ ቀን ተቆርጦለታል። ነገር ግን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ቤቱ በሦስት ተከፈለ። ታላቁ ልጅ፣ «ለፎቶው ሥጋውን እጥፍ አድርገን እንከምር፣ ጥሩ ጥሩ ወንበርና ምንጣፍ ተከራይተን እናምጣ፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንን ነው» ይላል። አባትየው በበኩላቸው፣ «እንዲህ ከሆነማ ጭራሽ ይቅርብን፤ ፎቶግራፉንም ቢሆን ሐራም ነው የሚሉ አሉ» ይላሉ። በወጥ ቤት የምትሠራው ሴት ልጅ ደግሞ፣ «እኔን ማንም እንዲያነሳኝ አልፈልግም» ብላለች፤ ወንድሟ «ለቤታችን ጥቅም ነው» እያለ ይጎተጉታታል። ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ ሦስቱንም በየተራ እንመልከታቸው።

ውበት አልተከለከለም

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የንግድ ቤትን አሳምሮ ማሳየት በራሱ ነውር አይደለም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልቡ የቅንጣት ያህል ኩራት ያለበት ሰው ጀነት እንደማይገባ ሲናገሩ፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን ስለሚወድ ሰው ጠየቃቸው። እርሳቸውም አላህ ውብ መሆኑንና ውበትን እንደሚወድ ገለጹለት። ከዚያም ኩራት የሚባለው ሌላ መሆኑን አስረዱት፤ ይኸውም እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ ነው።

ይህ ሐዲስ ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ መመዘኛ ይሆነናል። ምግቡን ማሳመር፣ ጠረጴዛውን ማዘጋጀት፣ ጥሩ ብርሃን መፈለግ የተፈቀደ ነው። ውበቱን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው እውነትን መሸሽ፣ ማለትም የሌለውን አለ ብሎ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ሰውን መናቅ፣ ማለትም ሠራተኛውንና እንግዳውን እንደ ዕቃ መቁጠር ነው። የታላቁ ልጅ ሐሳብ የመጀመሪያውን ይነካል። የእህቲቱ እምቢታ ደግሞ ሁለተኛውን ያስታውሰናል።

ስለ ሥዕል የተነሳውን የአባትየውን ሥጋት በተመለከተ፣ ዑለማእ በፎቶግራፍ ላይ ያላቸው አቋም አንድ አይደለም። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ፣ ፎቶግራፍ ጥላን ይዞ ማቆየት እንጂ አዲስ ቅርጽ መፍጠር አይደለም በማለት መፍቀዳቸው ይታወቃል። ሸይኽ ኢብን ባዝን የመሳሰሉ ዑለማእ ደግሞ ነፍስ ያለውን ነገር ፎቶ ማንሳት ግድ ካላስገደደ በስተቀር አልፈቀዱም። ሆኖም ውዝግቡ ነፍስ ያለውን ነገር የሚመለከት ነው። ሥዕል በመሥራት ይተዳደር የነበረ አንድ ሰው ወደ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ፣ የግድ የሚሠራ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሳህን፣ ሾርባ፣ አልጋ፣ መስኮትና የሕንፃ ፊት ነፍስ የላቸውም። እንግዲህ አባትየው ልባቸው እንዲያርፍ ከፈለጉ ፎቶግራፉ ሁሉ ያለ ሰው ሊነሳ ይችላል፤ ምግብ ቤቱም ምንም አይጎድልበትም። እንዲያውም የሰው ፊት የሌለበት ፎቶግራፍ ሠራተኛ በተለወጠ ቁጥር አያረጅም።

ከላይ ደረቅ፣ ከታች እርጥብ

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ውስጥ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አገኙ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢሰዱት ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ቀጥለውም የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን ተናገሩ። ዘገባው የሙስሊም ነው።

እስቲ ይህን ታሪክ በጥንቃቄ እንየው። ሰውየው እህሉን ውኃ አላርከፈከፈበትም። ያረጠበው ዝናቡ ነው። በክምሩም ውስጥ ደረቅ እህል ነበረ፤ የታየው ሁሉ እውነተኛ እህል ነው። ጥፋቱ የነበረው አደራደሩ ላይ ነው፤ የትኛው ከላይ ይታይ፣ የትኛው ከታች ይደበቅ በሚለው ምርጫ ላይ። የፎቶግራፍ ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይኸው ምርጫ ነው። ካሜራው የሚያየው ከላይ የተደረገውን ብቻ ነው። ገዢው እጁን አስገብቶ ሊዳስስ አይችልም።

ከዚህ ታሪክ ከ1300 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካ ተፈጠረ። ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ለማስታወቂያ ፎቶግራፍ ሾርባውን በሳህን ሲያቀርብ አትክልቱና ሥጋው ወደ ታች ይሰጥምበት ነበር። ስለዚህ ከሳህኑ ሥር የመስታወት ብይ ተደረገ። ብዩ አትክልቱን ወደ ላይ ገፋው፤ ሾርባውም አትክልት የሞላው መሰለ። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ይህን አሠራር የሚያስቆም ትእዛዝ አወጣ። ከዚያም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮልጌት-ፓልሞሊቭ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የጢም መላጫ ሳሙና የብርጭቆ ወረቀትን አለስልሶ ያስላጫል ተብሎ በቴሌቪዥን የታየው ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሏል። በእርግጥ የተላጨው የብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ነበርና። በአገራችንም በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ለሙእሚን ግን የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም።

ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው? እኛ ወሰኑን እንዲህ እናስቀምጠዋለን። የሳህኑን ጠርዝ መጥረግ፣ ቅጠሉን ማስተካከል፣ ምግቡን በትኩስነቱ ማንሳት፣ መልካም ብርሃን መምረጥ እውነቱን በጥሩ ሁኔታ ማሳየት ነው። ለእንግዳው የማይቀርበውን ማሳየት ግን ማታለል ነው። ስለሆነም፦

አንደኛ፣ መጠኑ ያው ይሁን። በዕለት ተዕለት ሽያጭ ለአንድ ሰው የምታቀርቡት ሥጋ ስንት ግራም እንደሆነ መዝኑ፤ ለፎቶውም ያንኑ መዝናችሁ አቅርቡ። ሱረቱል ሙጠፊፊን የወረደው ለራሱ ሲሰፍር ሞልቶ፣ ለሰው ሲሰፍር ስለሚያጎድል ሰው ነው። በፎቶ ሞልቶ በሳህን ማጉደል ከዚህ በምን ይለያል?

ሁለተኛ፣ ዕቃው የቤቱ ዕቃ ይሁን። ለአንድ ቀን የተከራያችሁትን ወንበር እንግዳው መጥቶ ሲፈልገው አያገኘውም። ለኪራይ የታሰበው ገንዘብ የራሳችሁን ወንበር ለማስጠገንና ግድግዳውን ለመቀባት ቢውል ፎቶውም ያምራል፣ ቤቱም ያምራል።

ሦስተኛ፣ ፎቶው የራሳችሁ ምግብ ፎቶ ይሁን። ከሌላ ቤት ገጽ የተወሰደ ፎቶ የሰው ንብረት ነው፤ የእናንተም ምግብ አይደለም። አሁን አሁን ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ፣ ማንም ያላበሰላቸው የምግብ ሥዕሎች በርክተዋል። ያልተሠራን ምግብ አሳይቶ ገንዘብ መቀበል ምን እንደሚባል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

አራተኛ፣ «ሐላል» የሚለው ጽሑፍ በፎቶው ውስጥ ከገባ ከወጥ ቤቱ እስከ ጠረጴዛው እውነት መሆን አለበት። ፎቶ አንሺው ለማሳመሪያ ብሎ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ቢያቆም፣ ውኃም ቢሆን የተሞላው፣ ለሙስሊም ቤተሰብ የሚነግረው ነገር ሌላ ነው። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቀኑ ሳይደርስ

እውነተኛ ፎቶ ማለት ቸልተኛ ፎቶ ማለት እንዳይመስላችሁ። ያለውን በትክክል ለማሳየት የበለጠ ዝግጅት ይጠይቃል፤ ሌላው በብይ የሚያነሳውን አትክልት እኛ በጥሩ አበሳሰልና በጥሩ ብርሃን ልናሳየው ነውና። ሥራን አሳምሮ መሥራት ራሱ ኢሕሳን ነው።

በመጀመሪያ ዝርዝር ጻፉ። ከምግብ ዝርዝራችሁ ውስጥ እንግዳ አብዝቶ የሚያዝዛቸውን ስምንት ወይም አሥር ምረጡ። ለአንዱ ምግብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙለት። እንዲህ ሲሆን አሥሩ ምግብ ግማሽ ቀን ይሞላል ማለት ነው። ዙህር የሚሰገድበትን ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀድማችሁ አስገቡ። ጁሙዓን አትምረጡ። የኢፍጣር ምግቦችን ለረመዷን የምታስነሱ ከሆነ በሻዕባን አስነሱ፤ በጾም ቀን ወጥ ቤቱን በማያስፈልግ ሥራ ማድከም አይገባም፤ ቀማሽም አይኖርም።

ቀጥሎ ብርሃኑን እዩ። ከባስራ የተነሳውና በካይሮ የኖረው ኢብኑል-ሀይሠም ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት «ኪታቡል-መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይናችን ስለሚመጣ መሆኑን አስተምሯል፤ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል የሚገባውንም ብርሃን መርምሯል። ካሜራ የሚለው የላቲን ቃልም ክፍል ማለት ነው። ነገሩ ዛሬም ያው ነው፤ ካሜራው የሚቀበለው ከምግቡ ላይ ተነስቶ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከተበላሸ ውድ ካሜራ አያድነውም።

በመሆኑም ጠረጴዛውን ወደ ሰፊ መስኮት አስጠጉት። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ፀሐይ በቀጥታ ከገባ ነጭ ስስ መጋረጃ ጣሉበት። የመብራት አምፖሎቹን አጥፉ፤ ቢጫ አምፖልና የቀን ብርሃን ሲቀላቀሉ ሩዙ በአንድ ወገን ቢጫ፣ በሌላው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በጥላው በኩል አንድ ነጭ ካርቶን ቢቆም ጥላው ይለሰልሳል። የካሜራው ፍላሽ ፊት ለፊት ሲበራ ዘይቱን ያብለጨልጨዋል፣ ወጡንም ጠፍጣፋ ያስመስለዋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት አብዛኛውን ዓመት ቀጥተኛ ፀሐይ ስለማይገባበት ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ነገር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይ በቀትር በሰሜን በኩል ስለምታልፍ በእነዚህ ወራት መጋረጃው እዚያም ያስፈልጋል።

ምግቡ ጊዜ አይሰጥም

የምግብ ፎቶ ውድድሩ ከሰዓት ጋር ነው። እንጀራ ከተዘረጋ በኋላ ጠርዙ ይደርቃል፣ ይጠቀለላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈንበት። ወጥ ሲቀዘቅዝ ፊቱ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ የክትፎ ቅቤ ይረጋል፣ ሥጋውም ይጠቁራል፤ ሰላጣ ከተቀመመ በኋላ ይጠወልጋል። በፈጢራ ላይ ማሩ የሚፈስሰው ካሜራው ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ሳምቡሳ ከዘይት ሲወጣ ፊቱ ጥርት ያለ ነው፤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ከቆየ በራሱ እንፋሎት ይልማል።

ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ባዶ ሳህን ወይም መለማመጃ ሳህን አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሺው ብርሃኑንና አቅጣጫውን ያስተካክል። ሁሉም ነገር ከተዘጋጀ በኋላ እውነተኛው ሳህን ከወጥ ቤት ይውጣ። ቀዝቃዛዎቹን በመጀመሪያ፣ ትኩሶቹን በመጨረሻ አድርጉ። በየዓይነቱንና በእንጀራ ላይ የሚቀርበውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ማንሳት ይሻላል፤ ቀለማቱ የሚታዩት እንዲያ ነው። ስፕሪስ ግን ከጎን ይነሳ፤ ከላይ ከተነሳ የአቮካዶው፣ የማንጎውና የፓፓያው ድርብርብ አይታይም። የሾርባ እንፋሎት እንዲታይ ከፈለጋችሁ ከበስተኋላው ጠቆር ያለ ነገር አድርጉ፤ ብርሃኑም ከኋላ በኩል ይምጣ። ለእንፋሎቱ ትኩስ ሾርባ ራሱ ይበቃል፤ ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም።

አንዳንድ ባለሙያዎች ምግቡ እንዲያብለጨልጭ የፀጉር ስፕሬይ ወይም ግሊሰሪን ይረጩበታል፤ በወተት ፈንታ ሙጫ የሚጠቀሙም አሉ። ይህ ሁለት ጥፋት አለበት። አንደኛው ማታለሉ ነው። ሁለተኛው ምግቡ ከዚያ በኋላ አይበላም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ አባካኞችን ያወገዘበትን አንቀጽ (17፡27) የሚያውቅ ሰው የአሥር ሰው ምሳ መርዞ ወደ ቆሻሻ አይጥልም። ፎቶ የተነሳው ምግብ ሁሉ እንዲበላ አድርጋችሁ አዘጋጁ። ማን እንደሚበላውም ከወዲሁ ወስኑ፤ ያበሰሉት ሠራተኞች ቅድሚያ አላቸው።

የእንግዳ ክፍሎቹ

የክፍል ፎቶ ማታለያው ሰፊ የሚያሳየው ሌንስ ነው። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ክፍል በዚህ ሌንስ ሲነሳ አዳራሽ ይመስላል። ሌንሱን ፈጽሞ አትጠቀሙ አንልም፤ ጠባብ ክፍል ያለ እርሱ በአንድ ፎቶ አይያዝም። ነገር ግን የክፍሉን ስፋት በሜትር ከፎቶው ሥር ጻፉ። ጽሑፉ ፎቶው ያጋነነውን ያርመዋል።

አንሶላው ተተኩሶ ይነጠፍ፤ የተጨማደደ አንሶላ በፎቶ ላይ ቆሻሻ ይመስላል። የቴሌቪዥን ሽቦ፣ የቆሻሻ ቅርጫት፣ ያለቀ ሳሙና ከፊት ይነሱ። የሽንት ቤቱ ክዳን ይዘጋ። ካሜራው በደረት ከፍታ ላይ ይቁም፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከዞረ ግድግዳው ይንጋደዳል። በመስታወቱ ውስጥ ማን እንደሚታይ አረጋግጡ።

ለሙስሊም እንግዳ ከሁሉ የሚበልጠውን ፎቶ ብዙዎች ይረሱታል፤ ይኸውም መስገጃው፣ የቂብላው ምልክትና ውዱእ የሚደረግበት ቦታ ነው። ነገር ግን ምልክቱ ትክክል ይሁን። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ በጥቂቱ ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ለፎቶ እንዲያምር ተብሎ ወደ መስኮቱ የተዘረጋ መስገጃ፣ መስኮቱ ወደ ሌላ የሚያይ ከሆነ፣ እንግዳውን በሰላቱ ያሳስተዋል።

በኮምፒውተር ስለሚደረገው ማረሚያም አንድ መለኪያ እንስጥ። ነገ የማይኖረውን ማጥፋት ይቻላል፤ ለምሳሌ በጠረጴዛው ላይ ያረፈች ዝንብ። ነገም የሚኖረውን ማጥፋት አይቻልም፤ ለምሳሌ ከመስኮቱ ፊት የቆመው የኤሌክትሪክ ምሰሶ። ግድግዳው ከተሰነጠቀ የሚታረመው ግድግዳው ነው።

ሰውን አለመናቅ

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። እምቢ ማለቷ መብቷ ነው፤ ጉትጎታውም ይቁም። ይህ የሐያእ ጉዳይ መሆኑ ለእኛ በቂ ነው። የአገሪቱም ሕግ ቢሆን ከእርሷ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደንግጓል። «ለቤታችን ጥቅም ነው» የሚለው የወንድም ቃል ፈቃድ አይሆንም። የምትጠፈጥፈውን ሊጥ ከነእጇ ማንሳት እንኳ እርሷ ከወደደች ብቻ ነው።

ስለ ሌሎቹ ሠራተኞች ይበልጥ መጠንቀቅ ያሻል። ልጅ አባቷን እምቢ ልትል ትችላለች፤ ደመወዝተኛ ግን አሠሪውን እምቢ ማለት ይከብደዋል። በሁሉም ፊት «ትነሳላችሁ አይደል?» ብሎ መጠየቅ ጥያቄ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ በተናጠል ጠይቋቸው፤ እምቢ ያለ ሰው ምንም እንደማይጎድልበት ንገሩት፤ በሥራም አሳዩት። የተስማማም ሰው ፎቶው የት እንደሚውል ይወቅ። በቤቱ ግድግዳ ላይ መሰቀልና በዓለም ሁሉ ስልክ ላይ መታየት አንድ አይደሉም።

እንግዶችም አሉ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ምግብ ቤት የሚመርጠው መጋረጃ ያለው የቤተሰብ ክፍል ስላለው ነው። ቤቱ ክፍት ሳለ ካሜራ ይዞ መዞር ይህን እምነት ያፈርሳል። የማንሻው ሰዓት ቤቱ የተዘጋበት፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይሁን፤ ካልሆነም በሩ ላይ አስታውቁ። ፎቶው ከመውጣቱ በፊት አጉልታችሁ ዳር ዳሩን እዩ፤ በኋላ በኩል ያለፈች ሴት ወይም ሕፃን ካለ ፎቶው አይውጣ።

ፎቶ አንሺውም የሰው ልጅ ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (አል-በቀራህ 2፡282) ስለ ዕዳ ውል መጻፍ የሚናገር መሆኑን አስታውሱ። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ስንት ፎቶ እንደሚሰጥ፣ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ፣ እርሱም ፎቶዎቹን ለራሱ ማስታወቂያ ሊጠቀምባቸው ይችል እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሥራውን ሲጨርስም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት።

የመጨረሻው ፈተና

ፎቶዎቹ ተዘጋጅተው ሲመጡ አንድ ነገር አድርጉ። ከሥራ ቀናት በአንዱ፣ የምሳ ግርግር ባለበት ሰዓት፣ ለእንግዳ ሊወጣ የተዘጋጀ አንድ ሳህን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስቁሙ። ፎቶውን ከጎኑ ያዙት። ያበሰለችውን፣ የሚያቀርበውን አስተናጋጅና አባትየውን ጥሩ። «ይህ ያኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢያመነታ ፎቶውን አታውጡት። ሳህኑን አሻሽሉት ወይም ፎቶውን እንደገና አስነሱት። የምግቡ ዋጋ ወይም መጠን በተለወጠ ቁጥርም ይህን ፈተና ድገሙት፤ ትናንት እውነት የነበረ ፎቶ ዛሬ ሊዋሽ ይችላልና።

ወጣት አንባቢዎቻችን ምናልባት፣ «እንዲህ የተጠነቀቀ ነጋዴ ካጋነነው ጋር እንዴት ይወዳደራል?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያጋነነው ብዙ እንግዳ ሊያገኝ ይችላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ምግብ ቤት በአንድ ቀን እንግዳ አይኖርም፤ የሚኖረው ተመልሶ በሚመጣው ነው። በፎቶ ተታልሎ የመጣ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል፤ ሳህኑን ከፎቶው ጋር አስተያይቶ ለዘመዱ ሁሉ ይናገራል። ፎቶውንና ሳህኑን አንድ ሆነው ያገኘ ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶውን ሳያይ ይመጣል፤ ልጆቹንም ይዞ ይመጣል። ይህ ሁሉ ባይሆንና ገበያው ለጊዜው ቢቀዛቀዝ እንኳ፣ ሪዝቅ የሚሰጠው ካሜራው አይደለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ንግዳችንን ሐላል፣ ቃላችንን እውነት፣ ገበታችንን በረካ ያለበት ያድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።